ግራና የሄደው የመጨረሻ ገጽ

ይድረስ ለሞገስ፣ ለእኔው ለሞጌ።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በሰላምታ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን አውቅሃለሁ፣ ገና ፊቴን ስታይ «ምን ሆነሻል?» ማለትህ አይቀርም። ስለዚህ ቀድሜ ልንገርህ። ቀንቻለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በምን ትቀናለች እንዳትለኝ። ዛሬ እንኳ ሥራ አለብኝ ብለህ ተነስተህ አትሄድም፣ ስማኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ጁስ ቤቱም አልተዘጋም። አሮጌው የማንጎ መፍጫ ተቃጥሎ ሌላ ገዛሁ፤ አዲሱ ድምፅ የለውም፣ ደንበኞች ጩኸቱን ሲያጡ የተዘጋ እየመሰላቸው ያልፋሉ። ልጃችን ሰላም ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ አካሄዷ ቁርጥ አንተን ነው፣ ከኋላ ሳያት እናደዳለሁ። የመፍቻ ሳጥንህን ስንቱ ለመነኝ፣ ለማንም አልሰጠሁም። ከደጅ የሰቀልካትን ቀይ አምፖል ጠዋት ስከፍት አበራታለሁ። ጄነሬተሩም ያው ነው። መብራት ሲሄድ ገመዱን ብስበው ብስበው እምቢ ይለኛል፣ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በተረከዙ ሦስቴ ሳቀምሰው ይነሳል። አንተ ይህን ስታይ ራስህን ይዘህ «ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባል እያለሽ ማሽን በጫማ ትመቻለሽ? ሰው ቢያይ ምን ይላል?» ትለኝ ነበር። አሁንም እመታዋለሁ።

ቅናቴ የጀመረው ገና በቁምህ ነው። ያን ቀን ታስታውሳለህ? የአንድ አሮጌ ጭነት መኪና የሽቦ ንድፍ ከስልክህ ስትፈልግ ዋልክ። ንድፉን ትተህ የድሮ መጻሕፍትና ኮሚክ የሚባሉ የሥዕል ታሪኮች በነጻ የሚነበቡበት አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ገባህ። መኪናው ሳምንት ሙሉ ኮፈኑን ከፍቶ ቆመ፣ ባለቤቱም በየቀኑ እየመጣ ተነጫነጨ። አንተ ግን ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የወየበ፣ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ የታተመ የሮኬት ታሪክ አግኝተህ ሌላ ዓለም ገብተህ ነበር። እጄ በማንጎ እንደጨቀየ ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቀንክብኝ።

«ነጻ ነው፣ ይመኙ» አልከኝ። «የጻፉትም የሣሉትም ሞተዋል፣ መብታቸውም ጊዜው አልፎበታል። ባለቤቱ ሞቶ ጊዜ ሲያልፍ የሁሉም ይሆናል።»

እኔም እሰይ ብዬ ወደ ማንጎዬ ተመለስኩ። ያ ንግግር ዞሮ እኔን እንደሚያገኘኝ በምን አውቄ።

ከዚያ በኋላ ስልክህን እንደ ጣውንት ነው ያየሁት። እዚህ መርሳ ኔትወርኩ ሲያስቸግርህ ዕቃ ልግዛ ብለህ ወልድያ ትሄድና መናኸሪያው አጠገብ ተቀምጠህ ስታወርድ ትውላለህ። ዕቃውን ረስተህ ስልክህን ሞልተህ ትመጣለህ። ዘንዶ የሚጋልቡ ንግሥቶች፣ ባሕር ሥር የተሠራ ከተማ፣ ብርማ ልብስ የለበሱ ወገበ ቀጭን ሴቶች። እነዚያ ሴቶች እኮ ሆድ የላቸውም! እህል የት እንደሚያስቀምጡት ብጠይቅህ ወደሚቀጥለው ገጽ ታልፋለህ። በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛህ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ታነባለህ፣ ያልገባህን ቃል እየጻፍክ ጁስ ሊጠጣ የመጣ አስተማሪ ሁሉ ታስቸግራለህ። ለእኔ ከሰጠኸኝ ጊዜ ይልቅ ለእነሱ የሰጠኸው ይበልጣል፣ አትከራከረኝ።

ለእኔም ታወራልኝ ነበር፣ እሱን አልክድም። ምሳ ስንበላ ትጀምራለህ፣ ልቤን ትሰቅለዋለህ፣ ልክ መጨረሻው ላይ ስትደርስ «ይኸውልሽ፣ የቀረው ገና አልወረደም፤ ሲወርድ እነግርሻለሁ» ትለኛለህ። ሌላውን ብረሳ የመብራት ጠባቂዋን አልረሳም። ባልና ሚስት አንዲት ትንሽ ኮከብ ላይ ለብቻቸው ይኖራሉ። ሥራቸው በጨለማው የሚያልፉት መርከቦች እንዳይጋጩ አንድ ትልቅ መብራት ማብራት ነው። አንድ ቀን መብራቱ ይበላሽና ባልየው ሊሠራው በገመድ ታስሮ ወደ ውጭ ይወጣል። ይሠራዋል። ገመዱ ግን ይበጠሳል፣ እሱም እየራቀ እየራቀ ይሄዳል፣ የሚደርስለት የለም። ከወር በኋላ ሚስትየዋን ሊወስድ መርከብ ይመጣል። እጇን መብራቱ ማጥፊያ ላይ ታደርጋለች። አጥፍታው ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች? እዚህ ላይ ጉሮሮህን ጠረግክና አልወረደም አልከኝ። እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

መጨረሻዎቹን ለማን ትነግር እንደነበር አገር ያውቃል። ለለቅሶ ቤት። ከእድራችን ሰው ሲሞት ሦስቱን ቀን ድንኳን ተቀምጠህ ለሐዘንተኛው ታወራ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሽማግሌዎቹ እንደ ድፍረት ቆጠሩት፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ የሮኬት ወሬ ምን ይሉታል አሉ። በሦስተኛው ለቅሶ ግን ራሳቸው ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ አንተ ይጠጉ ጀመር። ስልክህን አታወጣም፣ በቃልህ ነው። አንደኛውን ቀን ጀምረህ መሐል ላይ ታቆማለህ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅህ፣ ሰው የሞተበት ሰው ነገ እንዲመጣ አይፈልግም፤ ነገ ምን ይሆን የሚያሰኝ ትንሽ ነገር ያስፈልገዋል አልከኝ። እውነትህን ነበር። እኛ ሴቶቹ ግን ያን ጊዜ ጓሮ ወጥ እያማሰልን ነው። የጎረቤት ሰው ሁሉ የሰማውን መጨረሻ የገዛ ሚስትህ አልሰማችውም።

አንተ ስትሞት ድንኳኑ ሞላ። ከግራና፣ ከሐራ፣ ከወልድያ ሰው መጣ። ወንዶቹ ሦስት ቀን ሙሉ መሬት መሬት እያዩ ዋሉ፣ አንድ ሰው እንኳ ስለ ኮከብ አላወራም። ያ ሁሉ ሰው በአንተ አፍ ተጽናንቶ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ የሚያወራልኝ ጠፋ። እህል አልወርድ አለኝ። አፍርበት የነበረውን ልንገርህ፦ ከለቅሶው ይልቅ ብስጭቱ ይበልጥብኝ ነበር።

በአርባህ ደግሞ ያቺ ሴት መጣች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ መልከ መልካም፣ ከራስ እስከ እግሯ ከል ለብሳለች። በሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ከእኔ በላይ አለቀሰች። የእድር ሴቶች አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። ሞጌ፣ ከል የሚለበሰው ለባል ነው፣ ለአባት ነው፣ ለወንድም ነው። ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማን ከል ይለብሳል? አንዷ ቀስ ብላ የማን ወገን እንደሆነች ጠየቀቻት።

«እታገኝ እባላለሁ፣ ከግራና ነኝ» አለች። «የመብራት ጠባቂዋን ታሪክ የጨረሰልኝ እሱ ነው።»

ለእኔ ያልወረደው ለእሷ ወርዷል! ያን ጊዜ ነው ሒሳቡ የመጣልኝ። ከመታመምህ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ግራና የውሃ ፓምፕ ልሠራ ትል ነበር። አንድ ፓምፕ ስንት ቅዳሜ ይሠራል? ከዚያ ቀን ወዲያ መቃብርህ ላይ ስሄድ እንኳ አኩርፌ ነው የምቆመው። ሻማውን አበራና ሳላናግርህ እመለሳለሁ፤ አይተኸኝ ይሆናል።

ስልክህን ከፈትኩት። ሌላ ነገር ፍለጋ ነበር፣ አልዋሽህም። የሴት መልእክት፣ የሴት ፎቶ። ያገኘኋት ሴት ሁሉ ብርማ ልብስ የለበሰች ሆነችብኝ። የመብራት ጠባቂዋንም አገኘኋት። ገጽ በገጽ ገለጥኩት፤ ልክ እንደነገርከኝ ገመዱ ይበጠሳል፣ መርከቡ ይመጣል፣ እጇን ማጥፊያው ላይ ታደርጋለች፣ ከዚያ በቃ። ሰላም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ። ታሪኩ ፎቶ የተነሣበት መጽሐፍ የመጨረሻ ገጹ ተቀድዶ የጠፋ ነው ይላል።

ገጹ አንድ ሌላ ቦታ ይኖራል ብዬ ያዝኩ። ሰላም አፈላለጉን አሳየችኝ፣ እኔም በአንድ ጣቴ ፊደል እየቆጠርኩ ወራት ፈለግኩ። ነጻ ነው ብለው ጠርተው ስልክ ቁጥርሽን፣ የባንክ ካርድሽን አምጪ የሚሉትን ድረ ገጾች ለየሁ፤ ደህናዎቹ ምንም ሳይጠይቁ ይከፍቱልሃል። በአራት ቦታ ያንኑ ታሪክ አገኘሁት። አራቱም ከዚያው ከተቀደደው መጽሐፍ የተገለበጡ ናቸው። በመሐሉ ባሕር ሥር ያለውን ከተማ ማየት ጀመርኩና ደንበኛ ቆሞ የጠራኝን ሳልሰማ ቀረሁ። ያን ቀን ለአንተ ትንሽ ፈረድኩልህ። ትንሽ።

ግን ነገሩ ባሰብኝ። ገጹ ከሌለ ለሴትየዋ ምኑን ጨረስክላት? ሙት ዓመትህን ካወጣን በሦስተኛው ሳምንት ከመርሳ የግራናን መኪና ተሳፈርኩ። ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ነበር፣ ምን እንደሚሠራልኝ እንጃ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳሰላ ሄድኩ፣ ብዙው የሚጻፍ አይደለም።

እታገኝን ከሏን አውልቃ ነጭ ነጠላ ለብሳ አገኘኋት። ስታየኝ አልደነገጠችም፣ «እትዬ ይመኙ፣ እንኳን መጡ» ብላ ወንበር አቀረበች። አማቷ፣ ዓይናቸው የደከመ ትልቅ ሴት፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ጥያቄዬን ዙሪያውን እየዞርኩ ሳለሁ ገብቷቸው ኖሮ እሳቸው ጀመሩልኝ። ልጃቸው፣ የእታገኝ ባል፣ የመኪና ሾፌር ነበር፣ የአንተ ደንበኛ። አንተ ከመሞትህ ሰባት ወር በፊት ሞተ። እሷ ከሰልስቱ በኋላም እህል አልቀምስም ብላ ከሰውነት ተራ ወጣች። አንተ ፓምፑን ልትሠራ መጥተህ ይህን ሰማህ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓምፑን ነካክተህ ስትጨርስ በሩ ላይ ጀሪካን ገልብጠህ ትቀመጥና ለሁለቱም ታወራላቸዋለህ፣ ወደ ውስጥ አልዘለቅክም። አሮጊቷ ኮከቡ ከአላማጣ ይርቃል ወይ ብለው ጠይቀውህ፣ አዎ እማማ ትንሽ ይርቃል አልካቸው አሉ። ከሏ ለባሏ ነበር፣ ሞጌ። ዓመቱ አልሞላም ነበርና ለአርባህም ያንኑ ለብሳ መጣች። ሙት ዓመቱ ሲወጣ አወለቀችው። እኔ ደግሞ ላንተ የተለበሰ አድርጌ ያን ሁሉ ወር ተቃጠልኩበት።

ይህን ሰምቼ ልብ ልገዛ ይገባኝ ነበር። አልገዛሁም። መጨረሻውን ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ።

ሴትየዋ መብራቱን አላጠፋችውም፤ መርከቡን ሸኝታ ቀረች። የመርከቡ አለቃ እሱ እንደሆነ አይመለስም፣ ምን ልትሠሪ ትቀሪያለሽ ቢላት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች መብራቱን አንተ ልታበራልኝ ነው ወይ አለችው። መብራቱን የሚያነሳው ማሽን አመለኛ ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያልበላች ቀን አይነሳላትም። ስለዚህ በየቀኑ እያለቀሰችም ቢሆን ትበላለች። ባልየው እየራቀ ነው፣ ድምፅ አይሰማም፣ መልእክት አይደርሰውም። ግን ወደ ኋላ ዞሮ ያንን ትንሽ መብራት ባየ ቁጥር አንድ ነገር ያውቃል።

«ዛሬም በልታለች ይላል» አለችኝ እታገኝ። «እኔም በማግስቱ በላሁ።»

ከዚያ እንደ ዋዛ ጨመረችልኝ። ማሽኑ እምቢ ሲላት ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ሦስቴ ትመታዋለች፣ ባሏ በሕይወት ሳለ በዚህ ይቆጣት ነበር አለች።

ሞጌ፣ እዚያ ሰው ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሳቅኩም አለቀስኩም። መርሳ ውስጥ ማሽን በጫማ የምትመታ አንድ ሴት ናት ያለችው። እዚያ ኮከብ ላይ ሆዷ የጠፋ ብርማ ሴት ትጠብቀኛለች ብዬ ስሄድ ራሴን ቆሜ አገኘሁት፤ የጠፋውን ገጽ በእኔ ነው የሞላኸው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ቆንጆ ነሽ ብለኸኝ አታውቅም፤ ወጡ ጣፍጧል ለማለት እንኳ ሁለተኛ ጊዜ መቁረስ ነበር ያንተ አነጋገር። ለእኔ አልወረደም ያልከኝ አፍረህ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እኔን ለእኔ መንገር አቅቶህ ነው።

ይህም ሆኖ ቅናቴ አልበረደም፤ ባሰ እንጂ። እኔን ወስደህ ለሌላ ሴት መድኃኒት አደረግከኝ። እሷ እኔን ሰምታ በላች፣ እኔ ግን አንተ በሞትክ ሰሞን ያን የሚነግረኝ አጥቼ ስንት ቀን ጦሜን አደርኩ። ስለ ራሴ የተወራውን ለመስማት መኪና ተሳፍሬ ግራና ልሂድ? ልነሳ ስል ልቤ ውስጥ የቀረውን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። የጫማውን ነገር ለማን ለማን ነግረሻል አልኳት። ለማንም አለች። እንዳትነግሪ አልኳት፣ እንደ ሕፃን። አየችኝ፣ ከዚያ ዝቅ ብላ ወደ ጫማዬ አየች፣ ነገሩ ያኔ ገባት። ሳቅ አለችና እሺ እትዬ ብላ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ጥሩ ሰው ናት። ወድጃታለሁ ማለት ግን ገና አልችልም።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን የወይዘሮ አስካል ባል ሞቱ። ሴቶቹ ውስጥ ከበናት ተቀምጠናል። አስካልን ታውቃታለህ፣ አፏ አያርፍም ነበር፤ አሁን ግን ግድግዳ ግድግዳ ታያለች፣ ውኃ እንኳ አልቀምስም ብላለች። አንዲት ሴት ሞገስ ቢኖር ኖሮ አለች። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ባለቤቱ ሲሞት የሁሉም ይሆናል ያልከው ትዝ አለኝ፣ ንድድ አልኩ። አንተን ለማንም ማካፈል አልፈልግም ነበር። ከዚያ የአስካልን ከንፈር አየሁት፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ጀመርኩላት። አንዲት ትንሽ ኮከብ ላይ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር አልኩ። እጇ ማጥፊያው ላይ ሲደርስ አቆምኩ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ አጥፍታው ትሄዳለች ወይ አሉኝ። የቀረው ገና አልወረደም፣ ነገ እነግራችኋለሁ አልኩ። አፌ ውስጥ ያንተን ቃል ስሰማ ደነገጥኩ። በማግስቱ አስካል ራሷ ገና ሳልቀመጥ «እሺ፣ ምን ሆነች?» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ዛሬም በልታለች ይላል ስላት ሳህኑን አምጡልኝ አለች። ሦስት ጉርሻ በላች፣ ቆጠርኩላት።

እኔም አልረሳህም። ጠዋት ጠዋት አምፖሏን አበራታለሁ፣ ማሽኑ ሲያምፅብኝ ያው ታውቃለህ፣ እህልም እበላለሁ፤ ዛሬ ምሳ ሽሮ ነበር፣ ጨርሼዋለሁ። ከእንግዲህ መቃብርህ ላይ ስመጣም አላኮርፍም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ ደስ ይበልህ አይበልህ። ለአስካል ስነግራት የጫማውን ነገር ለወጥኩት። ሴትየዋ ማሽኑን በዱላ ነው የምትመታው አልኳቸው። ታሪኩን ይውሰዱት፣ መብራቱንም ይውሰዱት፣ አንተንም እንደምንም ተካፍዬሃለሁ። ጫማው የእኔ ነው።

ያንተው ይመኙሻል
ከመርሳ